ለእንግዳ ብቻ የሚከፈተው ክፍል

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። የምናደደው በሌሎች ብቻ አይደለም፤ እኔም አለሁበት።

የጎሬ ልጅ ነኝ፣ የፊዚክስ መምህርት። ያኔ የማስተምረው ከመቱ ራቅ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስሙ ይቅር። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል ውስጥ ከአንድ የተሰበረ ሚዛን በቀር ምንም አልነበረም። ደግነቱ ስድስት ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡልን። ኢንተርኔት ስለሌለን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መቱ እየሄድኩ፣ ሲሙሌሽን የሚባል የኮምፒውተር ላይ ሙከራ እያወረድኩ በፍላሽ ማምጣት ጀመርኩ። ተማሪው ራሱ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በማውስ እየጎተተ ያገናኛል። በትክክል ካገናኘ አምፖሉ ይበራል። ካበላሸ ስክሪኑ ላይ ባትሪው በእሳት ይያያዛል።

ልጆቹ አበዱ! በተለይ ጫልቱ የምትባል የአስረኛ ክፍል ተማሪ። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማትል ልጅ ባትሪውን ደጋግማ እያቃጠለች ትስቃለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለምን እንደሚቃጠል ለጓደኞቿ ታስረዳ ጀመር። እኔ በጠመኔ ስለፋ ከርሜ ያልገባቸውን እኮ ነው!

ይሄኔ "ለልምድ ልውውጥ እንግዶች ይመጣሉ" የሚል ደብዳቤ ደረሰ።

ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ታደሰ አስጠሩኝ።

"አሥር ጎበዝ ተማሪዎች ምረጪ። የሚነኩትን ከወዲሁ አስጠኚያቸው። የሚቃጠል ነገር እንዳላይ!"

"ጋሼ፣ እየተሳሳቱ እንዲማሩበት እኮ ነው የተሠራው" አልኳቸው።

"በእንግዳ ፊት ልታዋርጂን ነው እንዴ?"

እሺ አልኩ። መረጥኩም። ጫልቱን ተውኳት፤ እጇ አያርፍማ። "ሜ ቲቸር፣ እባክሽ፣ አላቃጥልም፣ እማዬ ትሙት!" ብላ ለመነችኝ። "ሌላ ጊዜ" አልኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አሥሩ ልጆች ያንኑ አንድ አምፖል ሲያበሩ ከረሙ። የቀሩት ክፍሉን አልረገጡትም።

እንግዶቹ መጡ፣ አሥሩም አበሩ፣ ፎቶ ተነሣን። አንዱ እንግዳ "ይህ ሞዴል ክፍል ነው፤ በጥንቃቄ ይያዝ" አሉ። ጋሽ ታደሰ ቃል በቃል ወሰዱት። በማግስቱ ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለበሱ፣ በሩ ተቆለፈ። ቁልፉን ስጠይቃቸው "ሌላ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ብለምን፣ ብጨቀጭቅ፣ ወይ ፍንክች! ወረዳ ድረስ ሄጄ አመለከትኩ። "ሞዴል የሆነውን ክፍል ልታስበላሺው ነው?" ብለው መለሱኝ። ጫልቱም "ሌላ ጊዜ" ያልኳትን ስትጠብቅ ዓመቱ አለቀ።

በመዝጊያው ቀን ሰልፍ ላይ ስሜ ተጠራ። "በቴክኖሎጂ ታግዛ በማስተማሯ" ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ጋሽ ታደሰ "አጨብጭቡላት!" አሉ። ከዚያ ክፍል ያስቀረኋቸው ልጆች ሁሉ አጨበጨቡልኝ። ጫልቱ ከፊት ነበረች፤ ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ከልቧ ነው፤ ቂም የሚባል ፊቷ ላይ አላየሁም።

ምናለ ብትቀየመኝ ኖሮ! እኔ ግን እዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ወረቀቱን ተቀብዬ፣ እጅ ነስቼ፣ "አመሰግናለሁ" አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።