ወንድሜ ማራኬሽ የሄደ ጊዜ

ቅዳሜ ወንድሜ ከማራኬሽ ሲደውል እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። ወንድሜም እዚሁ ከእኔ ብዙ ሳይርቅ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ታክሲ ይነዳ ነበር። አብሮት የሚነዳ ሞሮኳዊ ጓደኛው ነው ለእህቱ ሠርግ ይዞት የሄደው።

«ስማ፣ ከተማው በሙሉ ቀይ ነው» አለኝ። «ቤቱም፣ ግንቡም። እኔን ራሴን አቧራው አቅልቶኛል።»

«ጠይም ሆነህ ሄደህ ቀይ ሆነህ ልትመጣ ነው?»

ሳቀ። ቆዳ የሚለፋበት ሰፈር ወስደውት ነበር። ሽታውን እንዲችለው አፍንጫው ላይ የሚይዘው ናና ሰጡት። ሲያወራኝ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ባለሞተር ጮኸበት።

«ነገ ተራራው ላይ ነን። በረዶው ከዚህ ይታያል። እኔ እዚህ በላብ ተጠምቄ!»

መኪናውን የሚፈልግ ሰው መጣብኝ። «ኮል አደርግሃለሁ» አልኩት። አላደረግኩም።

እሁድ ቸርች ሄድኩ። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «ነገ ለሥራ በስንት ሰዓት ትወጣለህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ቆይተው ባለቤታቸው ያንኑ ጠየቁኝ። መኪናው ጋ ደግሞ ሌላ ሰው። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ ተሰብስቦ ሄዶ ነው የሚነገረው። ይህን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን... አላውቅም፣ ማወቅ አልፈለግኩም ይሆናል።

ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ጓደኛው ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ኮምፒውተር ከፍቼ ከማራኬሽ ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ በካርታ ተከተልኩት። ይጠማዘዛል። ዘጋሁት። ደግሞ ከፈትኩት።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ስምንት ሰዎች ነበሩ።

«ጠንክር ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው።

መኪናው እሁድ ጠዋት ተራራው ላይ ከመንገድ ወጥቷል። ጓደኛው ተርፏል። ለቸርቹ ሰዎች ያስደወለውም እሱ ነው።

ካለቀስን በኋላ ስለ እማዬ መከሩ። አዲስ አበባ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ደም ግፊት አለባት። ዘመዶች በማግስቱ ማለዳ ሄደው ይነግሯታል፤ እስከዚያ እንዳትሰማ ተባለ። ንግግሩ ሳያልቅ ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት። ሽማግሌው እንዳላነሳ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ዝም ብላት ግን ትጠረጥራለች። አነሳሁት።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«አሁን መነሳቴ ነው።»

«ያ ሰውዬ አልተመለሰም?» ወንድሜን ማለቷ ነው። «ምን አባቱ ይሠራል እዛ?»

«ሠርግ ላይ ነው እማዬ። ሠርጋቸው ብዙ ቀን ነው አሉ።»

«ይብላ፣ ይጫወት እንግዲህ። ቸርች አለ እዛ አገር?»

አላውቅም። «አለ» አልኳት።

«ሲደውልልህ፣ የእናትህን ስልክ አንሳ በለው። ትናንት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር።»

ሰዎቹ ሁሉ ቆመው ያዩኛል።

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኳት።