ምስክር ያጣው ቀንድ

በጃንሆይ ጊዜ በአገራችን በጥርባ ትልቅ ድኩላ የጣለ ሰው፣ ከሰንበቴ መልስ ቀንዱን ሽማግሌዎች ፊት አቅርቦ በስንዝር ያስለካ ነበር። የማን ቀንድ ከማን በስንት ጣት እንደሚበልጥ አገሩ ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ሕጉ ሁለት ነው። ገድሉ የሚቆጠረው መጀመሪያ ደም ላፈሰሰው ነው፤ ሲገድል ያየ ምስክር የሌለው ደግሞ አይፎክርም።

የመጀመሪያው ሕግ አንድ ጊዜ አቃጥሎኛል። ከባልንጀራዬ ጋር ወጥተን እሱ ድኩላውን ታፋው ላይ ጫር አደረገው፤ አባርሬ የጣልኩት እኔ ነኝ። የገዳይ ቅቤ የተቀባው ግን እሱ ሆነ። እሱ እንኳ አፍሮ «እኩል እንቀባ» ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ክፉ ልብ ነበረኝ፤ አሁን ምን አስደበቀኝ።

በዓመቱ፣ ደሙን የሚሻማኝ እንዳይኖር፣ ለማንም ሳልናገር ምንሽሬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው ጫካ ሦስት ጠዋት አደፈጥኩ። በሦስተኛው፣ ጉሙ ሲገለጥ አንድ ያረጀ ወንድ ድኩላ ብቅ አለ፤ በአንድ ጥይት ጣልኩት። ቀንዱን ስለካው ሁለት ስንዝር ሊሞላ ሁለት ጣት ብቻ ቀረው። እንዲህ ያለ ቀንድ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ዞር ብዬ «አየኸው?» ልል ነበር። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ አውሬው አጠገብ ብዙ ተቀመጥኩ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ቀንዱን ሁለት ጊዜ ለኩት። አንደኛው ጢማቸውን እያሻሹ «ማን አየልህ?» አሉኝ።

«ማንም አላየልኝም አባቴ። ብቻዬን ነበርኩ።»

«ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም፣ ልጄ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሞቶ አግኝቶት ነው፣ ከገበያ ገዝቶት ነው የሚልም ተሰማ።

ያን ጊዜ ባልንጀራዬ ተነሣ። «እኔ አይቻለሁ» አለ። «ከዳገቱ ላይ ሆኜ ሲጥለው አይቻለሁ።»

አላየም። ያን ቀን እህል ጭኖ ዳንግላ ሄዶ ነበር። ለኔ ብሎ መዋሸቱ ገብቶኛል፤ ዝም ብል ቅቤውን እቀባለሁ። ግን ይሄኛው ቀንድ ደግሞ በእሱ ቃል ሊቆም ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባል የለ? «አላየም፤ ዳንግላ ነበር» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። በሽማግሌ ፊት በሐሰት የመሰከረ ሰው ከዚያ በኋላ ለድንበርም ሆነ ለጋብቻ ምስክር አይጠራም። ባልንጀራዬ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ቀንዱም አልተቆጠረልኝም።

ክረምቱ ሲወጣ ደጁ ሄድኩ። ሞፈር እየጠረበ ነበር። «አደን እንውጣ» አልኩት።

«ሂድ አንተ» አለኝ። «የኔ ማየት ከእንግዲህ ምን ይረባሃል?» ደግሞ ባለቤቱን ጠርቶ ጠላ አስቀዳልኝ። እስክጨርስ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ አጫወተኝ። ቢቆጣኝ ኖሮ ሽማግሌ ልኬ እታረቀው ነበር። ላልተጣላ ሰው ግን ሽማግሌ አይላክም።