መርከብ አርቢው ተማሪዬ

አሰላ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ሁሉ ትጉው ከዲክሲስ በኩል የሚመጡ አንድ በግ ነጋዴ ናቸው። አባቴን ስለሚያህሉ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ቲቸር ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት የሚያምታቱ ቃላት ላይ ደረስን። «በግ ሺፕ ነው፣ ረዘም አድርጉት። መርከብ ሽፕ ነው፣ አጠር አድርጉት» አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን አወጡ። «ቲቸር፣ ተገላብጦብሻል።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ረጅሙ መርከብ ነው ወይስ በግ?»

ክፍሉ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ወገነ። አንዲት ልብስ ሰፊማ «እውነታቸውን ነው፤ በግ ያን ሁሉ ድምፅ ምን ያደርግለታል?» አለች። ሰዓት አልቋል ብዬ አመለጥኩ።

በሳምንቱ ከከተማችን ሯጮች ጋር ሊለማመድ የመጣ አንድ ወጣት ፈረንጅ ክፍላችንን ሊጎበኝ ገባ። የእያንዳንዱን ሰው ሥራ በእንግሊዝኛ እየጠየቀ ጋሼ ጋ ደረሰ። ጋሼ ብድግ አሉና ኮታቸውን ቆልፈው «ብዙ መርከብ አለኝ» አሉት፣ በዚያው በእንግሊዝኛ።

ፈረንጁ አከበራቸው። «የት ነው ያሉት?»

«እዚያ፣ ተራራው ሥር» አሉ፣ በመስኮቱ ወደ ጭላሎ እያመለከቱ።

«ተራራ ሥር ምን ይሠራሉ?»

«ሣር ይበላሉ። ዝናብ ሲመጣ ቤት እናስገባቸዋለን።»

ፈረንጁ እኔን አየ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ጋሼ ግን ዝምታውን አድናቆት አድርገው ወሰዱት። «ለበዓል ና፤ አንዱን አርጄ አበላሃለሁ!»

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ፤ እየሳቅኩ ነገሩን አስረዳሁት። እሱም ጠረጴዛ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጋሼ ምኑ እንዳሳቀን ባይገባቸውም አብረውን ሳቁና ከትምህርት በኋላ ለሽያጭ ያመጧቸውን በጎች ሊያሳዩት ወደ ገበያ ይዘውን ሄዱ።

ፈረንጁ እዚያ ሲደርስ በአማርኛ መናገር አማረው። «ሺፕ» ምን እንደሚባል ጠየቀኝ፤ በግ አልኩት። ወደ ጋሼ ዞሮ «ብዙ በጋ አለ!» አላቸው።

«በጋማ የሁላችንም ነው። በግ በል፣ በግ!»

«በጋ!»

«በግ!»

«ቤግ!»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተወው፤ በኦሮምኛ ይሻልሃል። ሆላ በል።»

«ሆላ» አለ ልጁ፣ ጥርት አድርጎ።

ጋሼ በኩራት ወደ እኔ ዞሩ። «አየሽ ቲቸር፣ ልጁ ጎበዝ ነው። ያስቸገረው ያንቺ አማርኛ ነው።»