የጠቆረ እጅ፦ ከደሴ እስከ ላስታ አውጫጭኝ

ማክሰኞ፣ ከደሴ ወደ ላሊበላ

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ማስተማር ከጀመርኩ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ አንድ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ ያንቀላፋሉ። ሰው ዐይኑ ያየውን ትቶ ብዙዎች ያሉትን ለምን እንደሚቀበል የሚያስረዳው ምዕራፍ ነው፤ ምሳሌዎቹ ሁሉ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። እናትነሽ የምትባል የቀድሞ ተማሪዬ ከላሊበላ በላይ ባለ አንድ መንደር ታስተምራለች። እሑድ ደወለችልኝ።

«መምህር፣ ቅዳሜ ማታ የአንዲት መበለት የገብስ ክምር ተቃጠለ። ያቃጠለው አልታወቀም። ሐሙስ አውጫጭኝ አለ፤ መጥተው ይዩ።»

አውጫጭኝ፣ በዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር መንደሩ በሙሉ ተቀምጦ እስኪለይ የሚጠያየቅበት የአባቶች ሥርዓት ነው። ለዚያ እንቅልፋም ምዕራፌ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ማክሰኞ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነበርኩ።

ወልድያ ሻይ ጠጣን፣ የድልብን ዳገት እየተጠማዘዝን ወጣን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሸና ወረድኩ። የጋሸና ንፋስ ጃኬት አያከብርም። ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ተጠጋግቼ በመቶ ሃምሳ ብር የጾም ሽሮ በላሁና ወደ ላሊበላ በሚሄድ ሚኒባስ ገባሁ። ሚስቴ «አንተ የተሳፈርክበት መኪና ሬዲዮ አያስፈልገውም» ትላለች። እውነቷን ነው፣ አፌ አያርፍም። ላሊበላ እስክንደርስ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ የልጆቹን ስም ሁሉ አውቄያለሁ።

ረቡዕ፣ ዳገቱ

እናትነሽ ጠዋት ካደርኩበት ሆቴል ወሰደችኝ። መንገዱ የሦስት ሰዓት ዳገት ነው አለችኝ፤ ለእሷ እግር መሆኑን ግን አልነገረችኝም። የመንደሩን ስም እዚህ አልጽፍም። ምክንያቱ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

አጋማሹ ላይ ጉም ወረደብን። እናትነሽ ከአንድ ዘመዷ ጋር ለሰላምታ ወደኋላ ቀረች፤ እኔም ትንፋሽ ልሰበስብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከጉሙ ውስጥ የጭስ ሽታ መጣ። ጥቂት ራመድ ስል አንድ ጎልማሳ በሦስት ድንጋይ መሀል እሳት አንድዶ፣ በሸክላ ስባሪ ላይ ገብስ ይቆላል። ማማሰያ የለውም፣ በጣቱ ነው የሚያገላብጠው። መዳፉ እስከ አንጓው ጠቁሯል።

«ይዝገኑ፣ የመንገድ ሰው» አለኝና በሁለት እጁ ዘርግቶ ሰጠኝ። ቆሎው ትኩስ ነበር። ስሙን ጠየቅሁት፤ ሲሳይ ይባላል። መተማ ብዙ ዓመት ሠርቶ ከተመለሰ ሁለት ክረምት ሆኖታል፣ ብቻውን ይኖራል። ወሬ ባይወድም እኔን ታገሰኝ።

እናትነሽ ስትደርስ አህያ የሚነዳ አንድ ሽማግሌ አብሯት ነበር፤ ሦስታችን ጉዟችንን ቀጠልን። ዝምታው ሲከብደኝ፣ ለጨዋታ ያህል «አንድ ሰው ቆሎ አበላኝ፤ እጁ ግን የድስት ቂጥ ሲፍቅ ያደረ ይመስላል» አልኩ። ባለአህያው ሳቀ። «ማን ነው?» አለኝ። «ሲሳይ የሚባል» አልኩት። ሳቁን አቆመ። ዝም አይነቅዝም ሲሉ የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ አልጠቀመኝም።

መንደሩ አፋፍ ላይ የተቃጠለው ክምር ሥፍራ አለ። በቢጫው ገለባ መሀል ድፍን ጥቁር ክብ። ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ መንገዱን ትቶ በሩቁ ይዞራል። እናትነሽን ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «እኔ እንጃ፣ ሁሉም ይዞራል» አለችኝ። እኔም ሳላስበው ዞሬ ነበር።

ሐሙስ፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከትልቅ ወይራ ሥር፣ መንደሩ በሙሉ በክብ ተቀመጠ። ሰብሳቢው መሪጌታ አስረስ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ዐይናቸው የማይሸሽ አዛውንት። ጸሎት አደረሱና ሕጉን ተናገሩ። ነገሩ ሳይለይ የሚሄድ የለም፣ የሚበላም የለም። የሚያውቀውን የደበቀ ውጉዝ ይሁን። ያየ ወይም የሰማ ሰው ለሽማግሌዎቹ በጆሮ ይነግራል፤ እነሱም ስሙን ሳይጠሩ ለሸንጎው ያሰማሉ። ይህን በድብቅ የሚናገረውን ሰው «ወፍ» ይሉታል። ወፏ ማን እንደሆነች የገለጠም ውጉዝ ነው።

እስከ አራት ሰዓት ምንም አልተገኘም። ከዚያ መሪጌታ ቀና አሉ።

«ወፍ እንዲህ ትላለች። ክምሩ በነደደ ማግስት፣ እጁ የድስት ቂጥ ሲፍቅ ያደረ የሚመስል ሰው ታይቷል።»

ቃሉ የእኔ ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ቀኑ ግን የእኔ አይደለም።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ አንዱ። «እኔም።» «ሲሳይ ነው ሲሉ ሰማሁ።» «እኔ ጭሱ ልብሱ ላይ ሸቶኛል።» አምስት፣ ስድስት፣ ዐሥር ሰው ያንኑ የድስት ቂጥ እየደጋገመ ተናገረ፤ እያንዳንዱ የራሱ ዐይን ያየው ያህል። ከዚያ ማንም ሳያዝዝ ጭንቅላቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ዞሩ። የእኔም ዞሯል። እግዜር ይይልኝ፣ ለጥቂት ጊዜ እኔም «ምናልባት» ብዬ አስቤአለሁ።

ሲሳይ ተነሥቶ ቆመ። ከተፈረደበት ካሳ ይከፍላል፣ ከዚያም የሚያዋየው የለም፤ እሳት አይጫርለትም፣ ሲሞት የሚቀብረው አያገኝም። እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«አላቃጠልሁም» አለ። ደግሞ አያቸው። «ግን... አገር በሙሉ ካለ፣ እኔ ብቻዬን ምን አውቃለሁ?»

ፊቱ ላይ ማስመሰል አልነበረም። ራሱን እየተጠራጠረ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የፈራሁት ነገር የለም። መነሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን ያላረፈው አፌ ተሸበበ። እንግዳ ነኝ፣ ግዝት አለ፣ ሌላ ሰው ይናገር ይሆናል። ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ በየተራ ስም እየሰጠሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

እናትነሽ ሳትመለከተኝ በቀስታ «መምህር፣ ያ አነጋገር የእርስዎ ነው» አለችኝ።

ተነሳሁ። «መሪጌታ፣ ወፏ እኔ ነኝ፤ ያ ቃል የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ሰውዬውን ያየሁት ትናንት ነው፤ ገብስ በእጁ ሲቆላ። ያኔ ክምሩ ከነደደ አራት ቀን ሆኖት ነበር።»

«ወፍ ራሷን ስትገልጥ እስከ ዛሬ አላየንም» አሉ መሪጌታ። ከዚያ ወደ ሸንጎው ዞረው «አንተ ከማን ሰማህ?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። ሁሉም ጎረቤቱን አመለከተ። ጣቱ ዞሮ ዞሮ ባለአህያው ላይ ቆመ።

«እኔ ቀን አልጠራሁም» አለ ሽማግሌው፣ ሊያለቅስ ደርሶ። እውነቱን ነው፤ ቀኑን ማንም አልጠራም። ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ በራሱ ገባ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይኸው ነው።

መሪጌታ ቃሉን ሰረዙ፣ ሐሰት የገባበት ነገር ዛሬ አይለይም ብለውም ሸንጎውን ለሳምንት ቀጠሩ። ሰው ተነሥቶ ሲበተን ሲሳይ ባለበት በኩል የሄደ አልነበረም። በሩቁ ይዞሩ ነበር።

ዓርብ፣ ቁልቁለቱ

ስወርድ ሲሳይ ያው ቦታ ተቀምጧል። እሳት አላነደደም። እጆቹን በአሸዋ ፈትጎ፣ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል። ይቅርታ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀና ከአቁማዳው ቆሎ አወጣ።

«ይዝገኑ። የረቡዕ ዕለቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልቆላሁም።»

ለመቀበል የዘረጋሁት እጄ መንገድ ላይ ቆመ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ፤ እጄ ግን ቆመ።

አየው። «አንቱም?» አለኝ፣ በጣም ዝግ ብሎ።

ቆሎውን ተቀብዬ በላሁ። አልዋጥ ብሎኝ በውኃ አወረድኩት።

ሰኞ፣ ደሴ

በጋሸና ሳልፍ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ቃል አልተነፈስኩም። ሚስቴ ታመምክ ወይ አለችኝ።

ሰኞ ያንን ምዕራፍ ሳስተምር መጽሐፉን አጠፍኩና ሁሉንም እንደሆነው ነገርኳቸው፤ ገብሱን፣ ሸክላውን፣ የቀኑን ነገር፣ የእጄን መቆም ጭምር። ያንቀላፋ ተማሪ አልነበረም። ይህ ነው ያስተማረኝ፣ ብዙኃኑ የሚባለው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔም አለሁበት፣ ብዬ ጨረስኩ። ጥያቄ ካለ አልኩ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ብርቱ ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ገባኝ። ግን ሰውዬው ንጹሕ ከሆነ እጁን በአሸዋ እስኪላጥ የፈተገው ለምንድን ነው?»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ መልሱን ጠበቀ።