ልጅ መፈለግን ለማስተው የተሰጠ ስልጠና

የያዙኝ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ፣ የታሰሩት ባልደረቦቻችን ፍርድ ቤት የሚቀርቡት መቼ እንደሆነ ጠይቄ ነበር። መልሱ እኔንም ከእነሱ ጋር ማሰር ሆነ። የመጡት ሰዎች አልተቻኮሉም። ጠመኔ የነካው ጋዋኔን አውልቄ እስክሰቅል ቆመው ጠበቁኝ።

ያስገቡኝ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነበር። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ማታ ማታ የብዙ ሰው ትንፋሽ እላዩ ላይ ይጠራቀምና ሊነጋጋ ሲል ቀዝቃዛ ጠብታ ሆኖ ፊታችን ላይ ይወርዳል።

ከጎኔ የሚተኙት ከቀየት አካባቢ የመጡ ገብስ አራሽ ሽማግሌ ነበሩ። ወታደሮች ወንድ ልጃቸውን ከገበያ ይዘውት ሄደው የት እንዳደረሱት አልታወቀም። አባት ወረዳውን፣ ፖሊስ ጣቢያውን፣ ካምፑን እየዞሩ ጠየቁ። የለም ሲሏቸው ተመልሰው ይመጣሉ። በመጨረሻ “ሕዝብ ያነሳሳሉ” ተብለው ታሰሩ።

አንድ ቀን ጠዋት የጥበቃው አለቃ ገባና ስልጠና እንዳለ፣ ስልጠናውን በሚገባ የጨረሰ ዛሬውኑ እንደሚፈታ ነገረን። ተከትሎት አሠልጣኙ ገባ። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ሁለት ጃኬት ደርቧል፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሏል፣ ፔርሙዝ ታቅፏል። አፍንጫው በብርዱ ቀልቷል።

“ውድ ሠልጣኞች” ብሎ ጀመረ። እስረኛ የሚለውን ቃል እንደማይወደው ነገረን። እኛም አንወደውም ነበር።

ከዚያ ስለ ቡድሃ ማውራት ያዘ። ከብዙ ዘመን በፊት በህንድ አገር የነበረ የንጉሥ ልጅ ነው። አንድ ቀን ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ያረጀ፣ የታመመና የሞተ ሰው አየ። ያየው ነገር እንቅልፍ ቢነሳው ምቾቱን ትቶ መነነ፤ ከብዙ ድካም በኋላ አራት ክቡር እውነቶችን አገኘ። ሕይወት ስቃይ አለበት። የስቃይ ሥሩ ፍላጎት ነው። ፍላጎት ሲከስም ስቃይም ይከስማል። ወደዚያ የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። የገረመኝ አወራሩ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን የሰጠበትን ነገር እንደ ሳሙና ማስታወቂያ ያነበንበዋል።

“ስለዚህ” አለ፣ “የሚያሰቃያችሁ ይሄ መጋዘን አይደለም። ብርዱም አይደለም። ውስጣችሁ ያለው ፍላጎት ነው።”

ይህን ብሎ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበው።

ቀጥሎ እያንዳንዳችን እየተነሳን የምንተወውን ፍላጎት እንድንናገር ታዘዝን። አንዱ ስብሰባ ላይ መናገር ትቻለሁ አለ። ሌላው ዜና መስማት ትቻለሁ አለ። አንድ ሾፌር ደግሞ ቤቴ መግባት መፈለግ ትቻለሁ አለ። አለቃው አጨበጨበና ወደ ቤቱ ላከው። በነዚህ ሰዎች አልፈርድም፤ ደጅ ደጁን የሚያይ ቤተሰብ ነበራቸው። ንቀቴን ሁሉ ለአሠልጣኙ አስቀምጬለት ነበር።

ተራው የሽማግሌው ሆነ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ተነሱ።

“አባባ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?” አላቸው አሠልጣኙ።

“ልጄን።”

“አያችሁ፣ የስቃይ ሥር ማለት ይሄ ነው። አባባ፣ ‘ልጄን መፈለግ ትቻለሁ’ ይበሉና ዛሬ ቤትዎ ይደሩ።”

ግድግዳ ተደግፎ የነበረው አለቃ ቀረብ አለ፤ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሌሎቹ ሲናገሩ አልቀረጸም ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ስልጠናው በሙሉ የተዘጋጀው ከእኚህ ሰው አፍ ያችን ቃል ለማውጣት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አለቃው የሚፈልገው ግን እሷን ብቻ ነበር። አባት ራሱ ከተወው ማንም አይጠይቅም።

ሽማግሌው ስልኩን አዩት። አሠልጣኙ ያመነቱ መሰለው።

“ቡድሃም እኮ ልጁን ጥሎ ነው የሄደው” አላቸው። “ገና አራስ ሕፃን። ሳይሰናበተው ወጣ። ትልቅነቱ እዚያ ላይ ነው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ብርሃን አገኘ።”

“የልጁን ነገር ነው የምጠይቅህ።”

አሠልጣኙ የያዘውን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አደረገ። “እሱ ለዛሬው ርዕስ አስፈላጊ አይደለም” አለ።

ተራዬ ሳይደርስ ተነሳሁ። “ተመልሶ አይቶታል” አልኩ። ለሽማግሌው ነበር የምናገረው። “ቡድሃ ከዓመታት በኋላ ወዳባቱ፣ ወደ ንጉሡ ከተማ መጣ። ልጁ አድጎ ነበር። ውርሴን ስጠኝ እያለ ተከተለው። ቡድሃም አላባረረውም፣ የነበረውን ትምህርት ሰጠው፤ አብረው ኖሩ።”



“እንግዲያ ደግ ሰው ኖሯል” አሉ ሽማግሌው። ወደ አሠልጣኙ ዞሩ። “አንተ ነህ ታሪኩን ያጎደልከው፣ ልጄ።”

“የመንገዱን ስምንት ክፍሎችም አልዘረዘርክልንም” አልኩት። አንተ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። “አንዱ ውሸት አለመናገር ነው። አንዱ ደግሞ ሌላውን በማይጎዳ ሥራ መተዳደር ነው። እሱን ዘለልከው።”

“መምህር፣ ይሄ እልህ ነው” አለኝ። “እልህም ፍላጎት ነው።” እንዲህ ዓይነት ሰው ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር አለው፤ ካንዱ ግን አያልፍም።

አለቃው ስልኩን አላወረደም። “አባባ፣ ይናገሩ” አለ።

“ልጄን እፈልገዋለሁ” አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚያ ተቀመጡ ሳይባሉ ወደ ቦታቸው ሄደው ተቀመጡ። እኔም ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አለቃው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

አሠልጣኙ ሊወጣ ሲል ምን እንደተሰማው እንጃ፣ በፔርሙዙ ክዳን ሻይ ቀድቶ ለሽማግሌው ዘረጋላቸው። “ቂም እንዳይዙብኝ” አለ። ሻዩ ይጨሳል። ትኩስ ነገር ከቀመስን ስንት ጊዜያችን። እኔ ብሆን ፊቱ ላይ የምደፋለት ይመስለኛል፤ ወይም እጠጣው ይሆናል፣ አላውቅም።

ሽማግሌው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ መልሰውም በሁለት እጃቸው ሰጡት።

“አንተ ጠጣው” አሉ። “ለዚህ አገር ብርድ እንግዳ ነህ።”

አሠልጣኙ ክዳኑን ይዞ ቆመ። እዚያው ሊጠጣው አልቻለም፣ ሊደፋውም አልቻለም። እንደያዘው ወጣ።

እኛን ጥቂት ሳምንታት አቆይተው፣ ለምን እንደታሰርን እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደፈቱንም ሳይነግሩን ለቀቁን። አሠልጣኙን አሁን አንዳንዴ በቴሌቪዥን አየዋለሁ። ስለ ደስታ ያስተምራል፤ ሰው ያጨበጭብለታል። አልጠላውም። ለመጥላት የሚበቃ ነገር አላየሁበትም። ከህንዱ የንጉሥ ልጅ ጋር ግን ጠብ የለኝም። ሌላው ሰው ሲሰቃይ አይቶ ራሱን ነው ከምቾቱ ያስነሳው። ክፍል ውስጥ እሱ ላይ ስደርስ አልቸኩልም፤ ሚስትም ልጅም እንደነበረው እናገራለሁ።

ሽማግሌው በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይወጣሉ። ገበያው ሳይበተን ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ይቆማሉ። ባለፈው ጊዜ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አብሬያቸው ሄድኩ። በረኛው ያውቃቸዋል።

“አባባ፣ ዛሬም መጡ? ምን ፈልገው ነው?”

“ልጄን።”

ወደ እኔ ዞረ። “አንተስ?”

“እኔም የሳቸውን ልጅ” አልኩ።

ግቡም ሂዱም አላለንም። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።