ሳላስፈቅድ የለቀቅኩት ቪዲዮ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ጫማ ሲሠራ ኖሯል። የእሱ ጫማ ግን መስኮት ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ዓይነት አይደለም። አንድ እግራቸው ከሌላው ላጠረባቸው ሰዎች ነው የሚሠራው። ያጠረውን ያህል ሶሉን ከውስጥ ይሞላና፣ ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ጫማ አንድ እንዲመስል አድርጎ ይጨርሰዋል። ደንበኛ ሲገባ መጋረጃ ይስባል። ማን እንደመጣ ለእናቴ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

ሱቁ ያለበት ረድፍ እንደሚነሳ ሲነገረን ሌላ ቦታ ፈለግን። አቅማችን የፈቀደው ወደ ውቤ በረሃ መውረጃ ላይ ካለ አሮጌ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበር። ሊፍት የለውም። ለሚያነክስ ሰው ጫማ የሚሠራ ባለሙያ ሦስተኛ ፎቅ ምን ይሠራል? ምርጫ ስላጣን ገባን። በመጀመሪያው ወር ሁለት ሰው ብቻ መጣ። የድሮዎቹ ደንበኞች የት እንደገባን አያውቁም፤ አባቴም ስልካቸውን የመመዝገብ ልማድ አልነበረውም። እኔ ደግሞ ያኔ ሥራዬን ለቅቄ እሱን ላግዝ ገብቼ ነበር። ሁለታችንም የምንኖረው ከዚያች ክፍል በሚገኘው ነው።

ስድስት ኪሎ የልጆች ልብስ በስልክ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። ሄጄ ጭንቀቴን ነገርኳት። ማኪያቶዋን ወደ ጎን አድርጋ ሶፍት ላይ አራት መስመር ጻፈችልኝ። ሰው ባየበት ቀን አይገዛም አለችኝ፤ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ይከተላል፣ ከዚያ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ ይከፍላል። የእኔ ሥራ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ነገር ማስቀመጥ ብቻ ነው።

እንዳለችኝ አደረግኩ። አጭር ቪዲዮ፤ ከቪዲዮው ሥር ወደ ቴሌግራም ቻናላችን የሚወስድ ሊንክ። ቻናሉ ላይ የእግርን ልዩነት ቤት ውስጥ በሜትር እንዴት መለካት እንደሚቻል የሚያሳይ መመሪያ በነፃ አስቀመጥኩ። መመሪያውን ለወሰደ ሰው ስለ እግሩ ልክ ሦስት ጥያቄ በራሱ ይመጣለታል። የመለሰ ቀጠሮ ይያዝለታል፤ ቀብድ ሲልክ አባቴ ሥራውን ይጀምራል። ዝም ላለ ሰው ደግሞ በሦስተኛው ቀን አንዲት ማስታወሻ ትሄድለታለች። አባቴ ነገሩን ሳስረዳው መርፌውን ሳያስቀምጥ ሰማኝና፣ መቼም ከተማሩ አይቀር ብሎ ስፌቱን ቀጠለ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቻናሉ ላይ የገቡት ዘመዶቻችን ብቻ ነበሩ። ጓደኛዬ ቪዲዮውን አየችና ጥፋቱ መጀመሪያው ላይ ነው አለች። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጫማ ማንም አያይም፤ ሰው ሲራመድ፣ ከጫማው በፊትና በኋላ፣ ልዩነቱን ማሳየት አለብሽ አለችኝ።

በዚያው ሳምንት አንዲት መምህርት እየጠየቁ አገኙን። የአባቴ የድሮ ደንበኛ ናቸው። ደረጃውን ሦስት ጊዜ አርፈው ነው የወጡት። አዲስ ጫማ አዘዙ፤ ለሙከራ ተመልሰው ሲመጡ አባቴ ገና ያላለቀውን አጠለቀላቸው። በባዶ እግራቸው ወደ ወንበሩ ሲሄዱ፣ ኋላም በጫማው ሲመለሱ፣ ስልኬን ዝቅ አድርጌ ከወገብ በታች ቀረጽኳቸው። ለሥራችን እንደሆነና ፊታቸው እንደማይታይ ነገርኳቸው። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነበር፣ ዓይናቸው ጫማው ላይ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ማስቲሽ ይቀባ ነበር።

ቪዲዮውን ሐሙስ ከሰዓት ለቀቅኩት። ዓርብ ጠዋት ስልኬ አላርፍ አለ። ሰው ከቪዲዮው ወደ ቻናሉ፣ ከቻናሉ ወደ መመሪያው ይጎርፋል። ሦስት ሰዎች ቀብድ ላኩ። ለአባቴ ልነግረው ስነሳ መምህርቷ ደወሉ። ሰላምታ አልሰጡኝም።

«የለቀቅሽው የእኔን እግር ነው» አሉ።

ቀሚሳቸውንና ቦርሳቸውን ያወቀ አንድ የሥራ ባልደረባ ቪዲዮውን የመምህራኑ ግሩፕ ላይ አድርጎታል። ለዓመታት አብረዋቸው ሲያስተምሩ አንድ እግራቸው ማጠሩን ማንም አያውቅም ነበር። እኔም ለመከላከል ያህል፣ ስጠይቅዎ ራስዎን ነቅንቀዋል እኮ አልኳቸው።

«ጫማውን ለማስተካከል የምታዪው መስሎኝ ነው» አሉና ዘጉት።

ወዲያው አጠፋሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላጠፋሁትም። ለጓደኛዬ ደወልኩ። ቪዲዮው ከጠፋ ሊንኩም አብሮ ይሞታል፣ ቀሚሱን ብቻ ሸፍኚው አለችኝ። ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። እጄ ላይ እያለ አራት ሰዎች ጥያቄዎቹን ሞልተው ላኩ። አንዱ የትንሽ ሴት ልጁን እግር ልክ ነው የላከው። እያንዳንዱ መልእክት ሲገባ፣ ትንሽ ብቻ ልቆይ እላለሁ።

አባቴ ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አየው። ስንት ሰው እንዳየው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«አጥፊው።»

«አባዬ፣ ቀብድ የላኩት ሰዎች በዚህ ነው የመጡት።»

«መጋረጃ የምስበው ለጌጥ መስሎሽ ነው?» አለኝ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። አጠፋሁት። ከእኛ ገጽ ጠፋ እንጂ ያወረዱት ሰዎች ጋር እንዳለ አውቅ ነበር፤ ግሩፑ ላይ ያለውንም እኔ ማጥፋት አልችልም። አባቴ ስልኩን ተቀብሎኝ መምህርቷ ጋር ደወለ። ጥፋቱ የቤቴ ነው፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው አላቸው። የመለሱለትን አልሰማሁም። ሲዘጋው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰኞ እለት ከመጀመሪያው ደረጃ ጀመርኩ። አዲሱ ቪዲዮ ላይ የአባቴ እጆች ሶል ሲሞሉ ብቻ ይታያሉ፤ ድምፁ ስለ ሥራው ይናገራል። በራሱ ፍላጎት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ እዚህ የማንም እግር አይታይም፣ የማንም ስም አይነገርም አለ። የሕንፃውን ጥበቃ ለምነን ምድር ቤት ያለችውን ክፍሉን በቀጠሮ ሰዓት እንድንጠቀምባት አደረግን፤ ደንበኛ ደረጃ መውጣቱ ቀረ። ተመልካቹ እንደ መጀመሪያው አልጎረፈም። ግን ገብተው መመሪያውን ከሚወስዱት ብዙዎቹ ጥያቄዎቹን ይመልሳሉ፤ ሥራውም ኪራዩን መሸፈን ጀመረ።

የመምህርቷ ጫማ ሲያልቅ አባቴ አድርሽላቸው አለኝ። ቀሪ ሒሳብ እንዳልቀበልም አዘዘኝ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር የሄድኩት፤ ስናገረው ግማሹ ጠፋብኝ። እስክጨርስ ድረስ ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ ጫማውን ይዘው ገቡ። ግቢው ውስጥ ሲራመዱ ኮቴያቸው ይሰማኛል፤ እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ጠበቅኩ።

ሲመለሱ እንዳጠለቁት ነበሩ።

«ልክ ነው፤ ለአባትሽ ንገሪያቸው» አሉ። ቀሪውንም ብር ቆጥረው እጄ ላይ አደረጉ። አልቀበልም ስል፣ «አባትሽ ሠርተውበታል» አሉኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ።