ምራቴ እስከዳርና የቀትሩ ዋይፋይ

እኔ ሰማኸኝ የምባል ሽማግሌ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ እኮ ምስጋና ከኪስህ የሚወጣ ይመስልሃል" ትለኝ ነበር። ምራቴን እስከዳርን ግን ሳላመሰግን ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ።

እስከዳር የአብርሃ ጅራ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ የትራክተር መካኒክ ስለነበር ቴስተር፣ የመብራት መፈተሻውን፣ ይዛ ነው ያደገችው። ልጄ ባየልኝ ሊያገባት ነው ሲሉኝ "እጇ ግሪስ የለመደ ሴት ምን ትዳር ትይዛለች?" ብዬ ነበር። ዛሬ እዚህ እኛ ከተማ ሸሕዲ ላይ የትራክተር መብራት እምቢ ሲል ባለ ሰሊጡ ሁሉ የሚደውለው ለእሷ ነው።

አንድ ነገር ግን ጎድሏት ነበር፤ ወረቀት። አራት ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ ትምህርት በርቀት ተማረችና የመጨረሻው ፈተና ቀረ። ፈተናው በቪዲዮ ነው፤ ቀትር ላይ በር ዘግታ፣ ብቻዋን፣ ለሁለት ሰዓት ከመምህራኑ ጋር። መጋቢት ላይ ተቀመጠች። እኩሌታው ላይ ዋይፋዩ ጠፋና ፈተናው ተሰረዘ። "ሚያዝያ ላይ አንድ ዕድል አለሽ፤ ያኔም ከተቋረጠ ዓመቱን ትደግሚያለሽ" አሏት።

ግቢያችን ረጅም ነው። ባየልኝ ቀደም ብሎ ሦስት ነጫጭ የዋይፋይ ሣጥኖች ገዝቶ አንዱን መንገድ ዳር ባለው ቤት፣ ሁለተኛውን መሐል ዳሱ ሥር፣ ሦስተኛውን እሷ በምታጠናበት የኋላ ክፍል አደረገ። ዋይፋዩን አንዱ ለሌላው እያቀበለ ያደርሱታል። መንገድ ዳሩ ቤት እንዳትፈተን የጭነት መኪናው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል።

ጠዋት ደህና ነው፣ ማታ ደህና ነው። ቀትር ሲሆን ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። "ሙቀቱ ነው! በዚህ ሐሩር እንኳን ሣጥን ሰውም ይጠፋል" አልኩ። ሲሰለቸኝ መብራቱን ሰደብኩ፤ እሱም ሲሰለቸኝ ሣጥኑን የሸጠልንን ነጋዴ። ባየልኝ ለሥራ ከወረደበት ከገለጉ ደውሎ "ጣሉት፣ አዲስ እገዛለሁ" አለ።

እስከዳር ግን "ቆዩ እንጂ አባባ፣ ትራክተር ቆመ ተብሎ ሞተር አይጣልም" አለችኝ። የሚጠፋበትን ሰዓት በደብተር ትጽፋለች፤ አንድ ነገር ብቻ ትቀይርና አንድ ቀን ትጠብቃለች። ገመዱን ቀየረች፤ ያው ነው። ከመብራቱ ነቅላ ከሶላር ባትሪ ላይ ሰካችው፤ ያው ነው። የዳሱን ሣጥንና የኋላውን አቀያየረች፤ አሁንም የሚጠፋው ዳሱ ሥር ያለው ሆነ።

"በሽታው ከሣጥኑ ጋር አልሄደም አባባ፤ ቦታው ላይ ቀረ" አለች።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!" ብዬ አሾፍኩባት። ፈተናው አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ እኔ ለቅሶ ሄጄ ዋልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከዚያ የባሰ ቀን በዓመቱ አላየሁም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ እስከዳር በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ዛሬ አንዴም አልጠፋም! ሙቀቱ ነጻ ወጣ። አንቱ ቤት ሲውሉ ቀትር ላይ ምን ያደርጋሉ?"

"እኔ ምን አደርጋለሁ? ዚሩን እሞላለሁ" አልኩ፤ ካልኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ዚሩ ጎረቤታችን መጂዳ ከሱዳን ያመጣችልኝ ትልቅ የውሃ ማቀዝቀዣ ሸክላ ነው። ዳሱ ሥር ቆሞ መንገደኛ ሁሉ እየገባ ይጠጣበታል። መጋቢት ሲገባ ሣጥኑን ሙቀት እንዳይገድለው ብዬ ከዚሩ ጀርባ፣ ከቀዝቃዛው ጥግ የወሸቅኩት እኔው ነኝ፤ በዚያ በተሰረዘው ፈተና ቀንም ዚሩን ሞልቼው ነበር። ፈተናው ሲሰረዝ ደግሞ "ምራቴ ብታልፍ መንገደኛ ከዚህ ዚር ውሃ አያጣም" ብዬ ተሳልኩ። ስለቱ እንዲሰምርም ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀትር ቀትር ላይ እስከ አፉ እሞላዋለሁ፤ ማታ ማታ ጠጥተው ያጎድሉታል።

እስከዳር ዚሩን በጣቷ አንኳኳችው፤ ባዶ ነው። በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ በሌላው ውሃ ታንቆረቁር ጀመር። አራተኛው ባልዲ ላይ ዋይፋዩ ደከመ። ስድስተኛው ላይ ድርግም አለ።

"ውሃው ነው! ውሃው ነው የጋረደው!" ብላ ጮኸች። መጂዳ ምኑም ሳይገባት ከአጥር ወዲያ እልልታውን አቀለጠችው።

"አፈር ልብላ!" አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት የእኔ ነገር ነው። ነጋዴውን ስሰድብ ከርሜ ልጅቷን ልጥላት የነበርኩት እኔ ነኝ። ስለቴን ስነግራት እስከዳር ሳቋ መቆም አቅቷት መሬት ቁጭ አለች። ከዚያ ሣጥኑን አውጥታ ከዳሱ ምሰሶ ጫፍ ላይ አሰረችው።

የፈተናው ቀን በጠዋት ዚሩን ልደፋ ስል ደረሰችብኝ።

"ኧረ በፍጹም! ይሙሉት። ስለትዎን አፍርሼ ነው የምፈተነው?"

ግጥም አድርጌ ሞላሁት። እሷ በሯን ዘጋች፤ እኔ ጣሳዬን ይዤ ዚሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለሚገባው መንገደኛ ሁሉ ውሃ እየሰጠሁ "ቀስ ብለህ ዋጥ!" እላለሁ። ሁለት ሰዓት እንደዚያ ሲረዝም አይቼ አላውቅም።

በሩ ተከፈተ።

"ስንቴ ጠፋ?" አልኳት።

"አንዴም!"

በስድሳ ስምንት ዓመቴ ጣሳ ይዤ ፎከርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማለፏ ተነገረን። ወረቀቱ ሲመጣ እስከዳር "የት ልስቀለው?" አለችኝ። በመስታወት አስገብቼ ዳሱ ሥር፣ ከዚሩ በላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ዚሩ ሙሉ ነው፤ የኋላው ክፍል ዋይፋይም ቀትር ላይ አይጠፋም። መንገደኛው ጠጥቶ ቀና ሲል ወረቀቱን ያይና "የማን ነው አባት?" ይለኛል።

"የምራቴ" እላለሁ፤ ባይጠይቀኝም እነግረዋለሁ።